ስኖውቦርድ ማስተማር ለምትፈልጉ ልጆች

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ስኖውቦርድ (ሁለቱንም እግር አንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት) ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ከእኛ ልጆች «ኢንስትራክተር ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» ብለው የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ደስ ብሎኛል፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ አየር ላይ መገልበጥ ካልቻላችሁ የሚቀጥራችሁ ያለ አይመስላችሁም። ኧረ በጭራሽ! ለመጀመሪያው ደረጃ የሚፈለገው መካከለኛ ቁልቁለት ላይ ፍጥነታችሁን ተቆጣጥራችሁ፣ ግራም ቀኝም እየታጠፋችሁ መውረድ ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሌላ ሰው ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ ይታያችኋል ወይ? ይሄ ዓይን ነው ሙያው።

ካናዳ ውስጥ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የካናዳ ስኖውቦርድ አስተማሪዎች ማኅበር ነው፤ እኛ «ካሲ» እንለዋለን። 4 ደረጃ አለው። ደረጃ 1 የ3 ቀን ኮርስ ነው፣ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ይገባል። ትምህርቱ በረዶ ላይ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁ አወራረድ ይታረማል፣ ቀጥሎ አብረዋችሁ የሚማሩትን እንደ ጀማሪ ቆጥራችሁ ታስተምራላችሁ፣ ፈታኙም እያየ ይመዝናችኋል። ቅደም ተከተሉ አቋቋምና ሚዛን፣ መንሸራተት፣ መቆጣጠር፣ መታጠፍ፣ በመጨረሻም አያይዞ መውረድ ነው። አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ለምሳሌ ጀማሪውን መጀመሪያ ሜዳ ላይ የፊት እግሩን ብቻ ቦርዱ (ሰሌዳው) ላይ አስራችሁ በኋላ እግሩ እየገፋ እንዲሄድ ታደርጋላችሁ። ቁልቁለት ላይ ሲወጣ ሁሉም ማለት ይቻላል አንገቱን ደፍቶ ቦርዱን ያያል። ያኔ ወገቡ ይታጠፋል፣ ክብደቱ ይዛባል፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለው የቦርዱ ጠርዝ በረዶውን ይነክስና ሰውየውን ይደፋዋል። «ተጠንቀቅ» ብትሉት ምንም አይጠቅመውም። «ያንን ሊፍት (ሰው ወደ ላይ የሚያወጣውን ማሽን) እያየህ ውረድ» በሉት፣ ቀና ይላል። አወዳደቅንም ቀድማችሁ አስተምሩ፤ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሊደገፍ የሚሞክር ሰው የእጅ አንጓው ሊሰበር ይችላል፣ በዚህ ስፖርት የተለመደው ጉዳት እሱ ነው። እጁን ጨብጦ ወደ ደረቱ ይሰብስብ፣ የእጅ አንጓ መከላከያም ያድርግ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ዴንቨርም ሁኑ ሚኒያፖሊስ፣ የእናንተ ማኅበር ሌላ ነው። የአሜሪካ ስኖውቦርድ አስተማሪዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1997 ሲሆን 3 ደረጃ አለው። እነሱም የሚመዝኑት ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር መግባባትንና የማስተማር ችሎታን እኩል ያያሉ። እዚያ ብዙ ቦታ ወረቀት ሳይኖራችሁም ይቀጥሯችሁና ራሳቸው ያሠለጥኗችኋል። ፈረንሳይ ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ የመንግሥት ዲፕሎማ ይጠይቃል፣ ዲፕሎማውም የስኪ (በየእግሩ አንድ አንድ ሰሌዳ አድርጎ መንሸራተት) ስለሆነ ስኖውቦርድ ብቻ የሚችል ሰው አያልፍም። ፓሪስም ሊዮንም ያላችሁ ልጆች፣ ከአሁኑ ስኪም ልመዱ።

ገንዘቡን አልደብቃችሁም፣ ሀብታም አያደርግም። ሥራው የክረምት ነው፣ ብዙ ቦታ የሚከፈላችሁም ባስተማራችሁት ሰዓት ልክ ነው። የበጋ ሥራ ወይም ትምህርት ጎን ለጎን ይኑራችሁ።

ወላጆቻችሁ «እኛና በረዶ ምን አገናኘን?» ካሏችሁ አትቆጡ፣ ፈርተውላችሁ ነው። ሮቤል ተክለማርያምን ንገሯቸው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በስኪ የተወዳደረ ልጅ ነው። ከቻላችሁ ደግሞ ይዛችኋቸው ኑ። በእንግሊዝኛ ሲነገራት እንደ እንጨት ደርቃ የቆመች እናት «ጉልበትሽን እጥፍ፣ ትከሻሽን ልቅቅ አድርጊው» ስትባል እንዴት እንደምትፈታ አይቻለሁ። እንዲህ የሚያስተምር ሰው እዚህ በጣም ጥቂት ነው፣ ለዚህም ነው እናንተን አጥብቄ የምፈልጋችሁ።

ደረጃ 1ን እንዳለፋችሁ ለደረጃ 2 አትሩጡ። አንድ ክረምት ሙሉ ጀማሪዎችን፣ በተለይ ትንንሽ ልጆችን አስተምሩ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ውሰዱ፤ ከልጆች ጋር ለመሥራት የፖሊስ ማጣሪያ ሊጠየቅ ስለሚችል እሱንም ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። ቅጥሩ የሚጀመረው በረዶው ሳይወርድ ነው፣ በጥቅምትና በኅዳር። ካልጋሪ ያላችሁ ካናዳ ኦሊምፒክ ፓርክ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለላችሁ፤ ሄዳችሁ የስኖውቦርድ ትምህርት ቤቱን ኃላፊ ጠይቁና አንድ ቀን ጀማሪዎች ሲማሩ ቆማችሁ እዩ።