ምን ላፕቶፕ ልግዛ ላልከኝ ልጅ

መልእክትህ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ እንደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛው ሮፍናን መሆን እፈልጋለሁ፤ ምን ላፕቶፕ ልግዛ? ማሲንቆስ በኪቦርድ ማስመሰል ይቻላል?» ነው ያልከኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ አሳቀኝ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን ስልኩን አስቀመጥኩና ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብዬ ቆየሁ።

ይቻላል። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

1988 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ፣ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈባት ጠባብ ስቱዲዮ ነበረች። እዚያ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ሙሉ ባንድ ቀጥሮ ካሴት ማውጣት እየቀረ ነው። አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም ይሸፍናል። ስንት ጓደኛዬን በአሥር ጣቴ ከሥራ እንዳስወጣሁ ብነግርህ አታምነኝም። ያኔ ጀግና ነበር የምመስለው።

አንድ ቀን ዘፋኙ ለሁለት ዘፈን ብሎ አንድ አዝማሪ ይዞ መጣ። ከጎንደር ነው የመጡት፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢ የደረቡ ሰው። ማሲንቆአቸውን ከጨርቁ ፈቱ፣ ደጋኑን ሙጫ አስነኩና ጀመሩ። ችግሩ ቅኝቱ ላይ መጣ። ዘፈኑ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። የሳቸው ድምፅ ከኪቦርዴ ቁልፎች መሃል ለመሃል ይወድቃል። አንዱን ስናስማማ ሌላው ያመልጣል። ምቱንም እኔ በማሽን አስሬዋለሁ፤ እሳቸው ችክችካውን ሲላቸው ይስቡታል፣ ሲላቸው ይለቁታል። አራት ጊዜ ሞከርን። ስቱዲዮው የሚከፈለው በሰዓት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። (ያኔ ፕሮዲዩሰር ማለት ብሩን የሚያወጣው ሰውዬ ነበር፤ እንደናንተ ቢት የሚሠራው አይደለም።)

«ይተዉት አባባ፣ በኪቦርድ እሸፍነዋለሁ» አልኩ።

ምንም አልመለሱም። ማሲንቆውን መጠቅለል ጀምረው ተዉትና እንዳለ ይዘውት ወጡ። የታክሲ እስኪሰጣቸው በረንዳው ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀመጡ። እዚያ መጫወት ጀመሩ፣ ለዘበኛው ብቻ። ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። አራት ጊዜ ከሞከርነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ጣታቸው ጭራው ላይ ሲንሸራተት፣ ሰው ሊያለቅስ ሲል ጉሮሮው ላይ የሚይዘው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። በመሃል ይገጥማሉ፤ ዘበኛው «ይበል! ይበል!» እያለ ይስቃል። ባዶ ቴፕ ነበረን። የማይኩ ገመድ በረንዳው ድረስ ይደርሳል።

እኔ ደግሞ ድምፁ ቀረጻዬ ውስጥ ገባብኝ ብዬ ተነሳሁና በሩን ዘጋሁት።

ማታ ስወጣ ዘበኛው «ባንተ ላይ እኮ ነው የገጠሙት» አለኝ። ምን አሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ክለብ ሥራ ነበረኝ፣ ቸኩያለሁ። የሰውዬውን ስም እንኳ አላውቅም። ካሴቱ ላይ ያለው «ማሲንቆ» የኔ ኪቦርድ ነው። ዛሬም ስሰማው ጥርስ ሐኪም ቤት የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ዓመታት አለፉና እነ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የሚባሉ ሙዚቀኞች መጡ። ላፕቶፕ ይዘው የማሲንቆና የክራር ተጫዋች የሚፈልጉ ልጆች። እንደገና ሙሉ ሙዚቃውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይለዋል። እኔ በር የዘጋሁበትን ድምፅ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ አሳታሚ በሸክላ አወጣላቸው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርኩ።

ኪቦርድን ግን እየረገምኩ እንዳይመስልህ። ኃይሉ መርጊያን አስታውስ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ፣ አሜሪካ ቀርቶ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ቀረጸ። ከዚያ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ፣ ፖርታ ባጋጁ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ማሽኑ ያው እኔ ዘንድ የነበረው ዓይነት ነው። ሰውዬው ነው የተለየው።

ወደ ሮፍናን ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ» አልበሙ ሲወጣ በአንድ ሌሊት የበቀለ የመሰላችሁ ብዙ ናችሁ። ከዚያ በፊት ዲጄ ሆኖ ሠርቷል። ዲጄ ማለት ሰዉ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ወደ ወንበሩ እንደሚመለስ በዓይኑ የተማረ ሰው ነው። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን ራሱ ሠራው። ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ዩኒቨርሳል ሚውዚክ አፍሪካ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ልፋት አትወዱትም። ሺህ ድምፅ በክራክ አውርዳችሁ አንድ ዘፈን አትጨርሱም። እርግጥ እኔም በናንተ ዕድሜ ትዕግስት አልነበረኝም፤ አሁን የነገርኩህ እሱን አይደል?

ላፕቶፕ ላይ ቁልፍ ተጭኖ እጅ ማወዛወዝም ላይቭ አይመስለኝም ነበር። ልጄ ጎትታ የሮፍናን ኮንሰርት ወሰደችኝ። ስገባ ወንበር ስፈልግ ነበር። ከበሮው ደረቴን ሲመታኝ ወንበሩን ረሳሁት። እስካሁን ታላግጥብኛለች።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ያለህ ይበቃሃል። ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋባይት ከሆነ ይንቀራፈፋል ይላሉ፣ 16 አድርገው። በሚተርፍህ ብር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መቅጃ ግዛና አዝማሪ ቤት ሂድ። መቅረጽ ስትፈልግ መጀመሪያ አስፈቅድ፣ በደንብም ክፈል። እኔ ዘንድ ለመጡት ሰውዬ የተሰጣቸው የታክሲ ሃያ ብር ነበር።