የኃይል ቁጥጥር ቴሲስ ሥራ ያስገኛል?

ሰላም እህቴ፣

በተደራራቢ የሞባይል ኔትወርክ (ትልልቅና ትንንሽ ጣቢያዎች አንድ አካባቢ በሚሠሩበት) ውስጥ ኢንተርፌረንስን፣ ማለትም የሲግናሎችን መረባበሽ፣ የሚለቀቀውን የሬዲዮ ኃይል በመቆጣጠር መቀነስ ላይ የማስተርስ ቴሲስ ጀምረሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ "ያለቀለት ርዕስ ነው፣ ማንም በዚህ አይቀጥርሽም፣ ወደ ኤአይ ቀይሪ" አሉሽ። ልቀይር ወይስ ልግፋበት ነው ጥያቄሽ።

ግፊበት። ርዕሱ አላለቀለትም። ሥራ የሚያስገኝልሽ ግን አዲስነቱ ሳይሆን፣ አንዱን ተጠቃሚ ለመጥቀም ኃይል ሲነካካ ማን እንደሚጎዳ በቁጥር ማሳየት መቻልሽ ነው። ቀጣሪ አጥቶ የሚቸገረው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ኔትወርክ ላይ የአንዱን ቅሬታ ሲፈቱ ሌላ ቅሬታ መፍጠር በጣም ቀላል ነዋ።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይሽ። ትልቁ ማክሮ ጣቢያ በተለምዶ 46 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ ነው) ማለትም 40 ዋት ገደማ ይለቃል። ቤት ውስጥ የምትተከለው ትንሿ ጣቢያ፣ ፌምቶ፣ 20 ዲቢኤም፣ ማለትም 0.1 ዋት ናት። የ400 እጥፍ ልዩነት! ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲሠሩ ትልቁ ትንሿን ይውጣታል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ግን ተቃራኒውም ይከሰታል። ከማክሮው ርቆ ሴሉ (ጣቢያው የሚሸፍነው አካባቢ) ጫፍ ላይ ያለ ሰው፣ ለተመዘገቡ ስልኮች ብቻ የተከፈተች ፌምቶ አጠገብ ቢቆም፣ እሷ አታስገባውም፣ ከማክሮው የሚደርሰውን ደካማ ሲግናል ደግሞ ራሷ ታፍንበታለች። የሱ ስልክም በፈንታው ሩቁን ማክሮ ለመድረስ እስከ 23 ዲቢኤም ሲለቅ የፌምቶዋን ተጠቃሚዎች ይረብሻል። የቴሲስሽ ልብ እዚህ ጋ ነው፣ ማን ለማን ይቀንስ?

መነሻሽን ፎስኪኒና ሚልያኒች የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡትን የኃይል ቁጥጥር አልጎሪዝም አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን አትናቂው። እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ሲግናል ከኢንተርፌረንስና ከኖይዝ (ሁልጊዜ ካለው የጀርባ ጫጫታ) ድምር ጋር ያለውን ጥምርታ ብቻ ያያል፤ ጥምርታው ከተቀመጠለት ዒላማ በታች ከሆነ በዚያው ልክ ኃይሉን ይጨምራል፣ ካለፈ ይቀንሳል። የሁሉም ዒላማ አንድ ላይ የሚቻል ከሆነ ሁሉም በቂ ወደሆነው ዝቅተኛ ኃይል ይወርዳሉ። የማይቻል ከሆነ ግን እርስ በርስ እየተገፋፉ ኃይላቸው ጣሪያ ይነካል፣ እንዲያም ሆኖ ዒላማው ላይ የማይደርስ ይኖራል። ራስሽ በፓይተን ወይም በማትላብ ጻፊው፣ ከሌላ ሰው ኮድ አትቅጂ፣ ሆን ብለሽም የማይቻል ዒላማ ሰጥተሽ አፍርሺው። የትኛውን ፌምቶ ዒላማ ዝቅ ብታደርጊ ሥርዓቱ እንደሚረጋጋ ፈልጊ። ውጤቱን በአማካይ ብቻ እንዳታቀርቢ አደራ፣ አማካይ ብዙ ጉድ ይደብቃል። በፍጥነት ዝቅተኛ የሆኑት 5 በመቶ ተጠቃሚዎች ምን እንደደረሰባቸው አሳዪ።

ስለ ኤአይ ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ቅደም ተከተሉን ነው ያዛቡት። ማሽን ለርኒንግ የኃይል መጠን እንዲመርጥ ማድረግ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል። ግን ከዚያ ከቀላሉ መነሻ መብለጡን ካላሳየሽ ማን ያምንሻል?

ከስታንዳርዱም አትራቂ። በ4ጂም በ5ጂም ስልኩ በመንገድ ላይ ከጠፋው ሲግናል ምን ያህሉን በኃይል ያካክስ የሚለውን የሚወስን አልፋ የሚባል ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር አለ። አልፋ ሲቀንስ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ይጎዳል፣ የጎረቤት ሴል ግን ይተነፍሳል። የኦፕቲማይዜሽን ኢንጂነሮች የሚያስተካክሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ማመልከቻሽን ወደዚያ አድርጊ። የመሣሪያ አምራቾች የሬዲዮ አልጎሪዝም ክፍል ሁለተኛው በር ነው፣ እሱ ግን ጠንከር ያለ ኮድ ይፈልጋል።

ሲቪሽ ላይ "በኃይል ቁጥጥር ላይ ጥናት ሠርቻለሁ" ብለሽ አትለፊው። የስንት ማክሮና ስንት ፌምቶ ሲሙሌሽን እንደሠራሽ፣ የጫፍ ተጠቃሚው ፍጥነት ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ፣ ለዚያም የፌምቶው ተጠቃሚ ምን ያህል እንደከፈለ በሁለት መስመር ጻፊ። ረቂቁ ሲደርስ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።