የጃፓኑን የሐር ጃኬት ከማጠብዎ በፊት

ጥያቄ፦ ያገለገለ የጃፓን ሐር ጃኬት ገዛሁ። ላዩ አበባ፣ ገበሩ ቀይ ነው። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል፤ አንገቱ ላይም ቢጫ እድፍ አለው። በቀዝቃዛ ውሃ ልጠበው? ጠርዙን የተከተለው ነጭ ክርስ ምንድን ነው?

መልስ፦ በፍጹም አይጠቡት። ኪሞኖ በሚሉት የጃፓን ባህላዊ ቀሚስ ላይ የሚደረበው ይህ ልብስ ሃኦሪ ይባላል። ሲዳስሱት ሻከር ካለ ቺሪሜን የሚሉት ሐር ነው። የቺሪሜን ማግ እጅግ የከረረ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጠማዘዝና ጨርቁን ይሰበስበዋል። ገበሩ ግን እኩል አይሰበሰብም፤ ከታች ተርፎ ይንጠለጠላል፣ ካውያም አያቃናውም። የድሮ ቀይ ገበር ደግሞ በላብ እንኳ ቀለም ይለቃል። እርጥብ ነጭ ጥጥ በማይታይ ቦታ ገበሩ ላይ ለ10 ሰከንድ ይጫኑበት፤ ከቀላ ከነጭ ሸሚዝ ጋር አይልበሱት።

ለሽታው ነፋስ ይበቃል። በደረቅ ቀን፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱ እጅጌዎች አሳልፈው ለጥቂት ሰዓታት ይስቀሉት፤ ካልለቀቀ በሌላ ቀን ይድገሙት። ተራ ማንጠልጠያ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣበታል፤ ፀሐይ ደግሞ ቀለሙንም ክሩንም ይበላል። ሽቶ መርጨት እድፍ መጨመር ነው። መልሰው ሲያስቀምጡት ናፍታሊንና ካምፎር (ሌላው የብል መከላከያ) አንድ ላይ አይክተቱ፤ ተያይዘው ይቀልጡና ጨርቁን ያበላሻሉ።

ቢጫው የቆየ ላብ ነው፤ ሐር ለሚያውቅ ባለሙያ ይተዉት። አበባው ላይ የወርቅ ቅብ ካለ አስቀድመው ያሳዩት፣ ማጣበቂያው በማጽጃው ሊለቅ ይችላል። ጃፓኖች ራሳቸው ልብሱን ፈትተው፣ ወርዱ ከ36 እስከ 38 ሳንቲሜትር የሚሆነውን ቁራጭ ሁሉ ቀጥለው አንድ ረጅም ጨርቅ ያደርጉትና አጥበው፣ ወጥረው አድርቀው እንደገና ይሰፉታል። አድካሚ ነው፤ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።

ነጩ ክር ረጅምና ልል ከሆነ ጊዜያዊ ስፌት ነው። ብዙ ጊዜ ልብሱ ከተሰፋ ወዲህ እንዳልተለበሰ ያሳያል። በየጥቂት ሳንቲሜትሩ እየቆረጡ ይምዘዙት፤ በአንዴ ከሳቡት ሐሩ ይጨማደዳል።

ጥያቄ፦ አበባው በእጅ የተሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ አበባውን ቀጭን ነጭ መስመር ከከበበው ዩዜን በሚሉት የጃፓን ጨርቅ ማቅለሚያ ዘዴ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ቀለም እንዳይገባ የሩዝ ሙጫ የተሰመረበት ቦታ ነው። መስመሩ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ከሆነ የእጅ ሥራ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። የአበባው ጠርዝ የደበዘዘ፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ክሩ ከመሸመኑ በፊት የተነከረው፣ ሜይሰን የሚሉት ሐር ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የጃፓን ሴቶች የዘወትር ልብስ ነበር።

ጥያቄ፦ የፊቱ ማሰሪያ የለውም፤ ቁልፍ ልትከልበት?

መልስ፦ አይትከሉ። የሃኦሪ ፊት አይደራረብም፣ ክፍት ሆኖ ነው የሚለበሰው። በግራና በቀኝ ጠርዝ ከውስጥ በኩል ትንንሽ የጨርቅ ቀለበቶች አሉ፤ ማሰሪያው እዚያ የሚገባ፣ ለብቻው የሚሸጥ ገመድ ነው።