ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና 2 ዓመት አልሞላውም። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ወላጆች ለልጆቻቸው ፕሮግራም የሚያገኙበት አፕ እየሠራን ነው። ዋና፣ ሥዕል፣ ኳስ፣ የንባብ ሰዓት፣ መጫወቻ ሜዳ፣ ብቻ ልጅ የሚውልበትን ሁሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ አለ፣ ከሥሩ 14 ምድቦች ተደርድረዋል። ያሳየናቸው ሰዎች ሁሉ «በጣም አሪፍ ነው» አሉን። ግን አንዴ ከፍቶት ተመልሶ የሚመጣ የለም። ምን ጎደለን? መረጃውን ከየት እናምጣ? የልጆች ፕሮፋይል ብንጨምርበትስ? ለፕሮግራሞቹ ኮከብ ማሰጠትስ እንዴት ያዩታል?

የሁለት ልጆች አባት ነኝ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስልክ ገጾችን ዲዛይን ማድረግ የየዕለት ሥራዬ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር እናንተ የጀመራችሁትን ዓይነት አፕ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎ በቀጥታ ልቤ ውስጥ ነው የገባው።

ከልጄ ልጀምር። 6 ዓመቷ እያለ የዋና ትምህርት ፈለግንላት። አንድ አፕ ላይ አገኘሁ። «ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት» ይላል። ፎቶው ያምራል፣ ካርታውም ልክ ነው። ልጄ የዋና መነጽሯን ከቤት ጀምራ ግንባሯ ላይ አድርጋ ወጣች። ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው «ኧረ ይሄ ከቆመ ሁለት ወር አለፈው» አለን። ስንመለስ መነጽሩን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ላስቲኩ ግንባሯ ላይ የተወው ቀይ መስመር ግን ቤት እስክንገባ አልጠፋም። አፑን የዚያኑ ዕለት ከስልኬ አጠፋሁት። ለልጄ የገባሁትን ቃል አሳጠፈኝ። ይህን ደግሞ ሁለቴ የሚሞክር ወላጅ አላውቅም።

ወላጅ አፑን ከፍቶ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አሁን ይህችን ልጅ ይዤ ብወጣ፣ የተባለው ነገር በተባለው ሰዓት ይጠብቀኛል?» ደብዳቤዎ ስለ ካርታውና ስለ ምድቦቹ ነግሮኛል። መረጃው መቼ እንደተረጋገጠ ለወላጁ ስለማሳየት ግን አንድም ቃል አላገኘሁበትም። እኔ ብሆን ሌላውን ሁሉ አቁሜ እዚህ ላይ እሠራ ነበር።

እኛ ያደረግነውን ልንገርዎ። በእያንዳንዱ ፕሮግራም ላይ፣ ከስሙ ቀጥሎ፣ «የተረጋገጠው ከ3 ቀን በፊት፣ በአዘጋጁ» የሚል መስመር አስገባን። ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ ግን ሰዎች መጀመሪያ የሚያነቧት እሷን ሆነች። ለአዘጋጆቹ በየሦስት ሳምንቱ አጭር መልእክት ይሄዳል። አንድ ጥያቄና ሁለት ቁልፍ ብቻ አለው፦ «ይቀጥላል» እና «ቆሟል»። መግቢያ ስም የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። የዳንስ አስተማሪ ልጆች እየጠበቋት ፎርም አትሞላም፤ አንድ ቁልፍ ግን ትነካለች። 30 ቀን ያልተረጋገጠ ፕሮግራም ከዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ 60 ቀን ከሞላው ይደበቃል። ለወላጆችም «ሄጄ ዝግ ሆኖ አገኘሁት» የሚል ቁልፍ ሰጠናቸው። ያን ቁልፍ ሁለት ሰው ከነካው ፕሮግራሙ ተጣርቶ እስኪመለስ ከገጹ ይነሳል።

ዝርዝራችን በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ወረደ። ጓደኞቼ ደነገጡ፣ እኔም ሆዴ ተረበሸ። የሚመለሱት ሰዎች መብዛት የጀመሩት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ኮድ ጸሐፊ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። «በየቅዳሜው» የሚለውን 52 መስመር አድርገው ዳታቤዝ ውስጥ አያስቀምጡት። የካሌንደር አፖች የሚግባቡበት አይካሌንደር የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አርኤፍሲ 5545 በሚባል የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ ታትሟል። ድግግሞሹን እንደ አንድ ደንብ ይይዛል፤ «ከዚህ ቀን በስተቀር» የሚባልበትም ቦታ አለው። ለልጆች ፕሮግራም ትልቁ ነገር ይኸው «በስተቀር» ነው። በዓል አለ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት አለ፣ አስተማሪም ይታመማል። የእኔ ልጅም በር ላይ የቆመችው ለውጡን የሚመዘግብ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ገጽ እንምጣ። «አሪፍ ነው» ያሏችሁን ሰዎች አያምኗቸው ማለቴ አይደለም፤ ከልባቸው ነው። ግን ያዩት ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው፣ እናንተ አጠገባቸው ሆናችሁ ነው። እኔ አንዲት እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ የኛን አፕ እንድትሞክር ስልኩን ሰጠኋት። ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋለች። ስልኩን በቀኟ ይዛ የምትነካው በአውራ ጣቷ ብቻ ነው። ትልቁ ልጅ ቀሚሷን ይጎትታል። ማጣሪያውን ያስቀመጥነው ላይኛው ጥግ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቷ አልደረሰበትም። ሁለቴ ሞከረችና ተወችው። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ከፈተች። ፎቶውን አለፈችው፣ መግለጫውንም አለፈችው። ዕድሜውን፣ ሰዓቱንና ርቀቱን አየች። ቀጥላ አፑን ዘጋችና ለጓደኛዋ ደወለች። «እዚያ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ሽንት ቤት አለው? እኔ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ወይስ ልጁን ትቼው ነው የምሄደው?»

ሦስቱን ጥያቄዎች እዚያው ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሌሎች ወላጆች ሌሎች ጨመሩባቸው። የሕፃን ጋሪ ይገባል? ዝናብ ቢመጣ መጠለያ አለ? ሳንመዘገብ አንድ ቀን መሞከር ይቻላል? ልጄ መስማት ይቸግራታል፣ አስተማሪው ያውቅበታል? ታናሽ ወንድሙን ይዤ ብመጣ ይከፋቸዋል? የእርስዎን ቤት ያስቡት። የ7 ዓመቷ ሥዕል ስትማር፣ ትንሹ ያን አንድ ሰዓት የት ይሆናል? ይህን የሚመልስ አፕ ካገኙ እርስዎ ራስዎ በየሳምንቱ አይከፍቱትም? እነዚህ ጥያቄዎች ረጅም መግለጫ ውስጥ አይቀበሩ። እያንዳንዳቸው በትንሽ ምልክትና በሁለት ሦስት ቃል ከላይ ይታዩ። ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ አንዷ እናት የጋሪውን ምልክት የመኪና ማቆሚያ መስሏት ነበር።

14ቱን ምድቦች ከፊት ያንሱልኝ። ወላጅ ሲያስብ «ስፖርት» ወይም «ኪነ ጥበብ» ብሎ አይጀምርም። ማን አብሮኝ አለ፣ ስንት ሰዓት አለኝ፣ ምን ያህል መሄድ እችላለሁ፤ በቃ፣ ሦስት ነገር። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመንገድ ደቂቃ ያሳዩ። ከልጅ ጋር 2 ኪሎ ሜትር በእግርና በመኪና ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርታው ይኑር፣ ግን ሁለተኛ ገጽ ላይ። ፍለጋው ባዶ ሲሆን «ምንም አልተገኘም» ብሎ ሰውን ፊት መንሳት አይገባም። «በዚህ ሰዓት የለም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለት አለ» ይበል።

ቁልፎቹን ወደ ገጹ ታችኛ ክፍል ያውርዷቸው። በስክሪን መለኪያ አፕል ቢያንስ 44 በ44፣ ጉግል ደግሞ 48 በ48 የሆነ የመንኪያ ቦታ ይመክራሉ። ልጅ ላቀፈ ሰው ከዚያም ቢሰፋ እወዳለሁ። ጽሑፉና ከኋላው ያለው ቀለም በድምቀት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያዩ፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህን ነው። አፑ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ስስ ግራጫ ጽሑፍ እዚያ አይነበብም።

ዕድሜ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ከ0 እስከ 3» የሚባል ሳጥን አይሥሩ። የ8 ወር ሕፃንና የ3 ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋሉ? እስከ 3 ዓመት ድረስ በወር ያስቀምጡት። ለትንንሾቹ ደግሞ የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ መንገድ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ይህን የሚሞላው መሮጥ፣ መንጠላጠል፣ አሸዋ መቆፈር ነው። ስለዚህ ምዝገባ የማይጠይቁ ክፍት ቦታዎች በአፑ ውስጥ እኩል ቦታ ይኑራቸው። የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ በአንቀጽ 31 ማረፍንና መጫወትን መብት አድርጎ አስቀምጧል። አፕ ሠሪዎች ግን ክፍያ ያለውን ብቻ ይደረድራሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እባካችሁ እናንተ እንደዚያ አታድርጉ።

መረጃውን ከየት ለሚለው፦ ለክፍት ቦታዎቹ ኦፕንስትሪትማፕ ጥሩ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በፈቃደኞች የሚሠራ ካርታ ነው። መጫወቻ ሜዳ የራሱ መለያ አለው፣ ዳታውንም ምንጩን እስከጠቀሱና የፈቃዱን ሁኔታ እስካከበሩ ድረስ በነፃ መጠቀም ይቻላል። ግን ማረጋገጥ አይቀርም፤ ዥዋዥዌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ለተቀሩት ፕሮግራሞች አቋራጭ የለም፣ ስልክ ማንሳት ነው። አንድ ሰፈርና አንድ የዕድሜ ክልል ይምረጡ፣ ለምሳሌ በእግር የሚዳረስ አካባቢና ከ5 እስከ 8 ዓመት። 30 ወይም 40 ፕሮግራም እርስዎና ባለቤትዎ ራሳችሁ እየደወላችሁ ሙሏቸው። ሰፈሩ ሞልቶ ወላጆች በየሳምንቱ ሲመለሱ ሳታዩ ወደ ሌላ ሰፈር አትሂዱ። በሰፊው የተበተነ 400 ፕሮግራም ይዞ ከመነሳት ይህ በጣም ይሻላል፤ ያን መንገድ እኛ ሞክረነዋል።

ፕሮፋይሉን በተመለከተ ቆጠብ ይበሉ። የልጁ ስም ለምን ያስፈልጋል? ፎቶውስ? የትምህርት ቤቱ ስምስ? ለፍለጋው የሚጠቅመው ዕድሜው ብቻ ነው። እሱም የትውልድ ወርና ዓመት ሆኖ ስልኩ ላይ ይቀመጥ፣ ወደ ሰርቨር አይሂድ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ኦንላይን መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብም ለልጆች መረጃ የተለየ ጥበቃ አለ። የእናንተ ተጠቃሚ ወላጁ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም አይመለከታችሁ ይሆናል። ቢሆንም አንድ ልጅ ማክሰኞ በ10 ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚናገር ዝርዝር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እናንተም ወላጆች ናችሁና ይገባችኋል። ያልሰበሰቡት መረጃ አይሰረቅም። ሎኬሽንም እንደዚሁ ነው፦ አፑ ገና ሲከፈት አይጠይቁ፣ ሰውየው «አጠገቤ ያለውን» ሲነካ ይጠይቁ። ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 እና ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ተጠቃሚው ግምታዊ ቦታ ብቻ መስጠት ይችላል። ለዚህ ሥራ እሱ ይበቃል።

ኮከብ አልወድም። አንድ ተናዳጅ ወላጅ የሰጠው 1 ኮከብ፣ በ12 ልጆች የምትተዳደርን አስተማሪ ሊዘጋት ይችላል። ለሄዱ ወላጆች ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «የተጻፈው ልክ ነበር?» እና «ልጅዎ ተመልሶ መሄድ ይፈልጋል?» ሁለተኛውን ልጁን ጠይቀው ነው የሚመልሱት፤ ለኔ ከሁሉም መልስ የሚበልጠው እሱ ነው።

አሁን በዚህ ሳምንት ምን ያድርጉ? ጄኮብ ኒልሰን የተባለው የአጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው 5 ሰው ላይ መሞከር አብዛኛውን ችግር ያወጣል። አምስት ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሂዱ፣ ልጆቹ ባሉበት። «ነገ ጠዋት ልጅዎን የሚወስዱበትን ይፈልጉ» በሏቸውና ዝም በሉ። አትርዷቸው፣ አታስረዷቸው። ከአፑ ወጥተው ወደ ማን እንደሚደውሉና ምን እንደሚጠይቁ ብቻ ይጻፉ። ያን ወረቀት ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።