«ከዳቸው» ወይስ «ነፈጋቸው»?

ጥያቄ፦ ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣቷ፣ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በከፋፋዩ የብሬግዚት ፖሊሲ ምክንያት ፓርቲያቸው የከዳቸው ቴሬዛ ሜይ በፈረንጆቹ ሜይ 24 ቀን 2019 ከሥልጣን ወረዱ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ከዳቸው» አይባልም፣ «ድጋፍ ነፈጋቸው» በል አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ይሻላል፣ እሱም ግን አልደረሰበትም።

«ከዳ» ከባድ ቃል ነው። «ከዳተኛ» የሚለው ስድብ የወጣው ከዚሁ ነው። እርግጥ «ጉልበቴ ከዳኝ» ስንል ጉልበታችንን እየወቀስን አይደለም፣ ዐቅም አለቀ ማለታችን ነው። ፓርቲ ግን ጉልበት አይደለም፤ አስቦበት ነው ድምፅ የሚሰጠው። ስለዚህ «ከዳቸው» ሲሉ ሳያስቡት ፈርደዋል፣ ከሜይ ጎን ቆመዋል።

የሆነውን እንይ። ዲሴምበር 12 ቀን 2018 የወግ አጥባቂው ፓርቲ የምክር ቤት አባላት በመሪያቸው፣ በወቅቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በሜይ ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሰጡ፤ 200 ደገፉ፣ 117 ተቃወሙ። ለ117ቱ «ነፈጉ» ልክክ ይላል። ነፈገ ማለት እጁ ላይ ያለውን ከለከለ ማለት ነው፣ «ንፉግ»ን ያስታውሱ። ፓርቲው ነፈጋቸው ካሉ ግን 200ዎቹን የት ሊያደርሷቸው ነው?

ይበልጥ የሚገርመው የሚቀጥለው ወር ነው። ጃንዋሪ 15 ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደራደሩበት ስምምነት 432 ለ202 ተሸነፈ፤ ከተቃወሙት 118ቱ የራሳቸው ሰዎች ናቸው። በማግስቱ ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ የመተማመኛ ድምፅ ሲያስጠራ ደግሞ ከወግ አጥባቂዎቹ አንድም ሰው አልተቃወማቸውም፣ 325 ለ306 ተረፉ። ማታ ወረቀቱን ጥለው በነጋታው ሴትዮዋን ያዙ! ይህን «ከዳ»ም «ነፈገ»ም አይሸከመውም። «ስምምነቱን ውድቅ አደረጉባቸው» ይበሉ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «-ባቸው» ሥራውን ትጨርሳለች፦ የወደቀው ስምምነቱ ነው፣ ጉዳቱ ግን እሳቸው ላይ ነው።

«ወረዱ» ደግሞ ከጓደኛዎም ያመለጠ ነው። ሜይ በዚያ ቀን ከቁጥር 10 (ከጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያና ጽሕፈት ቤት) ደጃፍ ቆመው፣ መጨረሻው ላይ ሳግ እየተናነቃቸው፣ የተናገሩት ገና «እለቃለሁ» ነው። የፓርቲ መሪነቱን ጁን 7 ለቀቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ለቦሪስ ጆንሰን ያስረከቡት ጁላይ 24 ነው። በዚያ ላይ «ወረዱ» አድራጊውን ይደብቃል፣ ራሳቸው ይውረዱ ሌላ ያውርዳቸው አይናገርም። «ለቀቁ» የገዛ እጃቸውን ያሳያል። መገፋታቸውን መናገር ከፈለጉ «ለመልቀቅ ተገደዱ» አለልዎት።

«ከፋፋይ»ንም ቢተዉት ደስ ይለኛል። ከፋፋይ የምንለው ሆን ብሎ ሰው የሚያጣላውን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፓርቲያቸውን ለሁለት በከፈለው ብሬግዚት የተነሳ ድጋፋቸው የተመናመነባቸው ቴሬዛ ሜይ በፈረንጆቹ ሜይ 24 ቀን 2019 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።» ሜይ በሜይ መሆኑ ጆሮዎን ከሻከረው ግንቦት 16 ቀን 2011 ይበሉት።