ምድር ቤታችንን ቢራ ወረሰው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ብራሰልስ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ሰካራም አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ቅዳሜ ማታ አንድ ጠርሙስ ይከፍታል፣ ለእኔም ይቀዳልኛል፣ ከዚያ ስለ ሽታውና ስለ አረፋው ሲተነትን ያመሻል። የቸገረኝ የማይከፍተው ነው። ክራፍት ቢራ፣ ትናንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን፣ ባየበት ሁሉ እየገዛ ምድር ቤቱን ሞላው፤ የልጆቹ ብስክሌት ኮሪደር ላይ ነው የሚያድረው። «ሲቆይ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል» ይለኛል። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ የጠመቁት አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ጉዱን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ጠላ እንኳ ሲሰነብት ይኮመጥጣል፤ ይሄ ምን ሆኖ ነው የሚጣፍጠው?» አሉት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ማናቸው ናቸው ልክ?
ኮሪደር የጠበባት፣ ከብራሰልስ

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽም ባልሽም ልክ ናቸው፤ የሚለየው ጠርሙሱ ነው።

አብዛኛው ቢራ እንዲከርም ተብሎ አይጠመቅም። በተለይ አይፒኤ የሚባለው ሞገሱ የሆፕ፣ የፈረንጁ ጌሾ፣ መዓዛ ነው፤ ያ ደግሞ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ከርሞ የተከፈተ አይፒኤ የባከነ ገንዘብ ነው።

ሲቆይ የሚያምርበትም አለ። የኦርቫል ገዳም ቢራ ሲታሸግ የዱር እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾው ጠርሙሱ ውስጥም ሥራውን ስለማያቆም የአምናውና የዘንድሮው ጣዕማቸው ለየቅል ነው። አልኮሉ 10.2 በመቶ የሆነው የሌላ ገዳም ቢራ፣ ዌስትቭሌተረን 12ም ዓመታትን ይችላል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እዚያው ከተማችሁ፣ አንደርሌክት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለው ካንቲዮን የተባለው የቢራ መጥመቂያ ነው። ከብቅልና ከስንዴ የፈላውን ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊ የመዳብ ገንዳ ላይ አፍስሰው ሌሊቱን ክፍቱን ያሳድሩታል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ አየሩ ያመጣለታል። በሙቀት ጊዜ አየሩ የሚያበላሸውንም ስለሚያመጣ የሚጠምቁት በብርድ ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በእንጨት በርሜል ይከርማል፤ ጎዝ የሚሉት የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተደባልቆ ነው። ይኮመጥጣል፤ የሚወደድለትም መኮምጠጡ ነው። ቦታው ሙዚየምም ስለሆነ አማትሽን ይዛችሁ ሂዱ። ከባልሽ ቀድመው የሚገባቸው ይመስለኛል።

የዋጋውን ነገር ግን አትቀበይው። የዌስትቭሌተረን መነኮሳት ቢራቸውን የሚሸጡት ገዢው መልሶ እንዳይሸጠው አስጠንቅቀው ነው። ስለሌላውም ቢሆን፣ እስካሁን ስንት ጠርሙስ እንደሸጠ ጠይቂው።

ምድር ቤቱንም እዪው። የቤቱ ማሞቂያ እዚያው ከሆነ ወይም መስኮት ካለው፣ የሚቆየውም ቢራ ይበላሻል። ብርሃን የሆፑን ቅመም ይለውጠውና መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቡናማው ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴው እምብዛም። ጨለማና ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ቅዝቃዜ ይበቃዋል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ውረዱና የጠርሙሱን ጽሑፍ እያነበባችሁ ለዩ። ሆፕ የሚበዛበት ሁሉ ወደ ላይ ይውጣ፤ ጓደኞች ጠርታችሁ አስጨርሱት። የሚከርመው አንድ መደርደሪያ ይብቃው። ከዚያ ወዲያ አዲስ የሚገባው አሮጌ ሲወጣ ነው። ይህን ሕግ ግን አንቺ አታውጪው፤ እሱ ራሱ ያውጣው። ሰብሳቢ ሰው የራሱን ሕግ ይወዳል።