የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

መምህሩ፦ ላለፉት 14 ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼን ለአሜሪካ ኮሌጆች ሲያመለክቱ ስረዳና ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ዛሬ ማታ በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ላይ ጠይቁኝ። ከሁሉም በፊት ግን አደራ፦ ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ራሳችሁ ሙሉ። ለደላላ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚ፣ ለኢንተርኔት ቤት ልጅ አትስጡ። መስኮቱ ፊት ቆማችሁ የምትጠየቁት በዚያ ቅጽ ላይ ስላለው ነው፤ ያላነበባችሁትን ደግሞ መመለስ አትችሉም።

ጠያቂ ከደሴ፦ መምህር፣ ቪዛ ለማግኘት ምን ላድርግ?

መምህሩ፦ ኮሌጅ ተቀብሎሃል? ተቀብሎህ ከሆነ ኮሌጁ የሚልከው አይ-20 የሚባለው ቅጽ ደርሶሃል? የት ላይ እንደቆምክ ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ? ጽፈህ ተመለስ።

ጠያቂ ከጅማ፦ የተወለድኩት ጥር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቴ ጃንዩወሪ 13 ቀን 2006 ይላል። ትምህርት ቤቱ ያስተረጎመልኝ ትራንስክሪፕት ግን ጃንዩወሪ 13 ቀን 2005 ይላል፤ ኮሌጁም አይ-20ውን በ2005 ሠርቶ ላከልኝ። አንድ ዓመት ነውና ዝም ብለው ያልፉኛል?

መምህሩ፦ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ፤ ሁላችሁም አንብቡት። ፓስፖርትህ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው በዓመቱ ላይ 7 ይደምራል። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለደ ግን 8 ይደምራል፤ በመካከል የፈረንጆቹ ዓመት ይለወጣልና። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ብዙ ተርጓሚ ቤቶች ይህን ሳይለዩ ለሁሉም 7 ይደምራሉ። ከዚያ የባሰው «ጥር 5»ን «ጃንዩወሪ 5» ብሎ የሚጽፈው ነው፤ ወሩን ብቻ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ ይተወዋል።

ዝም ብለህ አትሂድ። ዛሬውኑ ለኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጻፍ፣ የፓስፖርትህን የፎቶ ገጽ ቃኝተህ አያይዝ፣ አይ-20ው በፓስፖርቱ ልክ እንዲስተካከል ጠይቅ። በኤን ፊደል የሚጀምረው የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ቁጥርህ ሳይቀየር ያስተካክሉታል፤ ለእነሱ ቀላል ሥራ ነው። ትራንስክሪፕቱንም እንደገና አስተርጉም።

ስምም እንዲሁ ነው። አንዲት ተማሪዬ የአባቷ ስም ገብረ ማርያም ነው። ፓስፖርቷ ላይ ተገጥሞ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተጽፏል። ኮሌጁ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም መስሎት በ«ማርያም» መዘገባት። ልጅቷ ያን ወረቀት ይዛ እያለቀሰች ቢሮዬ መጣች፤ ቀጠሮዋ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። «ፀሐይ» አንዱ ወረቀት ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ ይጀምራል። «ኃይለ» አንዴ በዋይ፣ አንዴ በአይ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው። ኮሌጅ ስታመለክቱ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀታችሁንና የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን አስቀድማችሁ አስተያዩ።

እናት ከአዳማ፦ መምህር፣ የቆጠብነው ብር ከሦስት ዓመት በፊት ለልጄ የመጀመሪያ ዓመት ይበቃ ነበር። አሁን ኮሌጁ ይጎድላል አለን። ከዘመድ ተበድረን ባንክ ደብተሩ ላይ ብንሞላውስ?

መምህሩ፦ እኅቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የቆጠበ ወላጅ ሁሉ ተመቷል። ቢሆንም ለማሳየት ብለው አይበደሩ። ቆንስሉ የሚያየው የገንዘቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ነው፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ጊዜ የገባ ብር ጥያቄ ያስነሳል። ይልቅስ አጎት ወይም አክስት በእርግጥ የሚረዳ ከሆነ በራሱ ስም፣ በራሱ የባንክ ማስረጃና ደብዳቤ ሁለተኛ ስፖንሰር ይሁን። ልጅዎም ለኮሌጁ ጽፋ ተጨማሪ የገንዘብ ድጋፍ ትጠይቅ። አይሆንም ቢሏት የምታጣው ነገር የለም።

ጠያቂ ከሐዋሳ፦ ክፍያው ስንት ነው?

መምህሩ፦ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ለሴቪስ 350 ዶላር። ቢከለክሏችሁ አይመለስም። በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ድጋሚ ካመለከታችሁ ሴቪስን እንደገና አትከፍሉም፤ 185ቱን ግን ትከፍላላችሁ።

ጠያቂ ከጎንደር፦ ካናዳ ይሻላል ወይስ አሜሪካ? የቱ ይቀላል?

መምህሩ፦ የካናዳን አላውቅም። የሚያውቅ ጠይቅ።

ጠያቂ ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው። ዲኤስ-160 ላይ ልጻፈው?

አባል (ከመቀሌ)፦ አትጻፊው! ዘመድ አለኝ ካልሽ «ልትቀሪ ነው» ይሉሻል። የጎረቤታችን ልጅ ደብቆ ነው ያለፈው።

አባል (ከቨርጂኒያ)፦ እባካችሁ እንዲህ አትምከሩ። እኔ እኅቴን ጽፌ ነው የመጣሁት። ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ አለቀ።

አባል (ከመቀሌ)፦ ያንቺ ዕድል ነው። ዲቪ ሞልቶ የሚያውቅ ሰውም እኮ ይከለከላል፤ ያም ይደበቅ እንጂ።

አባል (ከቨርጂኒያ)፦ ዲቪን እዚህ ምን አመጣው? ግማሹ አገር ሞልቶታል።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም አንድ ጊዜ ቆዩ። ቅጹ ወንድም አሜሪካ አለሽ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «የለኝም» ማለት ውሸት ነው። በ214(ቢ)፣ ማለትም «ልትቀር ነው» በሚለው የሕግ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ሁኔታው ሲሻሻል ተመልሶ ማመልከት ይችላል። አውቆ በመዋሸት የተያዘ ግን ዕድሜውን ሙሉ የመግባት መብቱን ሊያጣ ይችላል። የጎረቤት ልጅ አለፈ ብላችሁ የሌላ ሰው ልጅ ገደል አታስገቡ። ስለ ዲቪም፣ ቅጹ የሚጠይቀው ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው በስማችሁ የቋሚ ነዋሪነት (የኢሚግራንት) ጥያቄ አቅርቦ እንደሆነ ነው። ዲቪ መሙላት ያ አይደለም። በቃል ከጠየቋችሁ ግን እውነቱን ተናገሩ። ጻፊው፣ ልጄ። ቅጹንም ራስሽ ሙይ።

ጠያቂ ከባሕር ዳር፦ ቪዛው የሦስት ወር ብቻ ነው ይባላል። ትምህርቱ አራት ዓመት ሆኖ ሳለ?

መምህሩ፦ እውነት ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ቪዛው የመግቢያ በር ነው፤ ከገባህ በኋላ ቢያልቅ ትምህርትህ አይቋረጥም፣ ሕጋዊነትህ የሚጠበቀው በአይ-20ህና በሙሉ ጊዜ ተማሪነትህ ነው። ለበዓል አገር ቤት ከመጣህ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ያን አስበህ ቲኬት ቁረጥ።

ቀኑንም አስላ። ትምህርትህ ኦገስት 20 ከጀመረ መግባት የምትችለው ከ30 ቀን በፊት፣ ማለትም ከጁላይ 21 ጀምሮ ነው። ቪዛህ ኤፕሪል 10 ተሰጥቶህ ሦስት ወሩ ከዚያ ቀን ከተቆጠረ፣ ገና መግባት ሳትችል ያልቃል። ቀጠሮ ስትይዝ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ጠያቂ ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር ቪዛ እንዴት ነው የሚገኘው?

መምህሩ፦ ከላይ አንብብ። ይህን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ አልመልስም።

ጠያቂ ከአዲስ አበባ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችንን ክፍት እናድርግ?

መምህሩ፦ አዎ። ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ታዝዘዋል።

ጠያቂ ከድሬዳዋ፦ ነገ ሳምንት ቃለ መጠይቅ አለኝ። «ለምን ይህን ኮሌጅ መረጥሽ» ቢሉኝ የሚባል ጥሩ መልስ አለ?

መምህሩ፦ በቃል የተጠና መልስ ሲሰሙ ያውቁታል፤ በቀን ስንቱን ተማሪ ሰምተው። ቃለ መጠይቁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ሕጉ፣ ያ 214(ቢ) የሚባለው፣ ሌላ እስክታሳዪ ድረስ ልትቀሪ እንደምትሄጂ ይቆጥርሻል። ስለዚህ ኮሌጁን ማወቅ አለብሽ። ምን ልትማሪ ነው?

ጠያቂ ከድሬዳዋ፦ የውኃ ምሕንድስና። አባቴ የውኃ ቦቴ ነጂ ነው፣ ከልጅነቴ አብሬው እዞር ነበር።

መምህሩ፦ ታዲያ መልሱ ይኸው ነው። በዚሁ አነጋገር፣ በራስሽ እንግሊዝኛ ንገሪያቸው። ከዚያ ኮሌጁ ውስጥ የትኛው ትምህርት ለዚህ እንደሚጠቅምሽ አንድ ሁለት ጥቀሺ፤ ዛሬ ማታ የኮሌጁን የትምህርት ዝርዝር ከፍተሽ አንብቢ። ዲኤስ-160ውን ራስሽ ነው የሞላሽው?

ጠያቂ ከድሬዳዋ፦ አዎ፣ ራሴ።

መምህሩ፦ እግዚአብሔር ይርዳሽ።

ጠያቂ ከጅማ፦ መምህር፣ አሁኑኑ ጽፌላቸው መለሱልኝ! ነገ የተስተካከለውን አይ-20 እንልክልሃለን አሉ። የድሮውን ልቅደደው?

መምህሩ፦ አትቅደደው። አዲሱን አትመህ ፈርምበት፣ የድሮውንና የጻፉልህን መልስ ከሥሩ አድርገህ በአንድ አቃፊ ያዝ። ዲኤስ-160 ላይ ያለው የልደት ቀንም 2006 መሆኑን ዛሬ ሳትተኛ ተመልከት።